ማንበብ ብቻ

እንጅባራ፣ ሐምሌ። ጭጋጉ ደጁን አልፎ ሱቄ ገብቷል፣
መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ሄዶ ሦስቴ ተመልሷል።
ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከእንጨት ገበያው ማዶ፣
አሮጌ ላፕቶፕ የተሸከመ ጠረጴዛዬ ቆሟል፣ አንድ እግሩ ተወላግዶ።

ውዴነሽ ገባች፣ ጃንጥላዋን ከደጅ ትታ፣
ከፌስታል ውስጥ ፌስታል፣ ከፎጣ ውስጥ ፎጣ ፈትታ፣
አንድ ዲስክ አኖረች፣ እንደ ዶሮ እንቁላል አመቻችታ።
«መብረቅ ነው» አለች፣ «ማሽኑን ያነደደው፤
ይሄ ብቻ ተረፈ፤ የድንች ዘር ማኅበራችን ሆድ ዕቃው ይሄ ነው።
ቅዳሜ ክፍያ አለ፤ ገበሬው ሁሉ ይመጣል፣
ስሜን የት አደረስሽው ቢለኝ ምን ይባላል?»

ዊንዶውስን ከተውኩት፣ ቫይረስ አስመርሮኝ፣ አለፈኝ ሦስት ዓመት፤
ሊኑክስ ነው ያለኝ፤ በነጻ የመጣ፣ በትዕዛዝ የሚገራ፣ ጥቁር መስኮት ያለበት።
ገመዱን ሰካሁ። ዲስኩ ሲር አለ፣ ዞረ፣
ስሙ ብቅ አለ፤ በሩ ግን እንደተቸነከረ ቀረ።
ልጫነው አልኩ። መጫን እኛ አገር ለፈረስ ነው፣
ኮርቻ አደላድሎ፣ እርካብ አስተካክሎ፣ አንገቱን መታ መታ አድርጎ ነው።
ይሄ ግን ጆሮውን ጣለ፣ ኋላውን ሰጠኝ፣ አልጫንም አለኝ፣
በጥቁሩ መስኮት አንዲት መስመር ጽፎ ምክንያቱን ነገረኝ፦
የጌታዬን እንቅልፍ ይዣለሁ፤
ማንበብ ትችላለህ፣ መጻፍ ግን እከለክላለሁ።

«አጥፍተሽው ነበር?» አልኳት። ፈገግ አለች በኀፍረት፣
«እኔ አጥፍቼው አላውቅም፤ ክዳኑን ገጠም አድርጌ ነው የምሄደው፣ ነገ ስለምመለስበት።»

አሃ! የዊንዶውስ ልማዱ፣
ጠፋሁ እያለ ማሸለብ፣ ከነጓዙ ከነነገዱ፤
የተጀመረ ወረቀት በብብቱ ሸጉጦ፣
በማግስቱ ሊነሳ፣ ትናንትናን ከመሃል ቆርጦ።
አሁን የሚነቃበት ቤት ነዷል፣
እንቅልፉ ብቻ ዲስኩ ላይ ቀርቷል።

መድኃኒቱን አውቃለሁ። አንዲት አጭር ትዕዛዝ እንቅልፉን ትፍቃለች፣ በሩ ይከፈታል፤
ከብብቱ ያለው ገጽ ግን አብሮ ይጠፋል።
«መብረቁ ሲጥል ምን ነበር የተከፈተው?»
ዝም አለች። ዝናቡ ነበር ቆርቆሮውን የሚያወራው።
«የአዲሶቹ ስም ነው፣ የዚገሞቹ፤ አርባ ሦስት ሰው፣ ከነኩንታሉ።
ሴቭ ሳላደርግ ነው ሻይ ልጠጣ የወጣሁት፤ በኔ ጦስ ይጉላሉ።»

እጄ ቁልፉ ላይ ቆመ።
እውነቱን ለመናገር፣ ያ ገጽ ድሮም አይነቃም፤
የአንዱ ማሽን እንቅልፍ በሌላው ማሽን ዓይኑን አይገልጥም።
ቢሆንም አልደፈርኩም። እሷ እያየችኝ አልደፈርኩም።

ለማንበብ ብቻ ብዬ ጫንኩት፤ በጎን በጎኑ እያየኝ ተገራ፣
የአምስት ዓመት ሒሳብ፣ ደረሰኝ፣ የመጋዘኑ ፎቶ ሳይቀር ወደ እኔ ቤት ጎረፈ በተራ።
አንዲት ፊደል አልነካሁም፣ አንዲት ነጥብ አልጨመርኩ፣
ዲስኩን እንደተኛ ነቅዬ ፎጣዋ ላይ መለስኩ።

ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈትኩ። «ጥሪያቸው» አልኳት።
ዓይኗን ጨፈነች። ጣቷ ጠረጴዛው ላይ ትቆጥር ጀመር።
«ጥጋቡ አምባው፣ ሦስት ኩንታል። ስመኝ የኔሰው፣ አንድ ተኩል።
ምንይችል ደርሶ፣ ሁለት፤ ቀዩን ድንች ካላገኘ የሚያኮርፍ፣ መልሰሽ ውሰጂው የሚል...»
ሠላሳ ላይ መብራት ሄደ፤ በላፕቶፑ ባትሪ ቀጠልን፣
አርባ፣ አርባ አንድ፣ አርባ ሁለት፤ የመጨረሻው ላይ ቆምን።
«ስሙ ጠፋኝ» አለች፣ «ፊቱም። ፈረሱን ግን አየዋለሁ፣
ዳማ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ የኋላ ቀኝ እግሩ ነጭ፤ ከመቶ ፈረስ መሃል እለየዋለሁ።»

«ባለ ቦቃው፣ አራት ኩንታል» ብዬ ጻፍኩ።
ሴቭ አደረግኩ። ባትሪው ሳያልቅ ደግሜ ሴቭ አደረግኩ።

ቅዳሜ ጭጋጉ ገለጥ ሲል አንድ ሰው ከደጃችን ወረደ፣
ፈረሱን መብራት እንጨቱ ላይ አስሮ ካፖርቱን እያራገፈ ወደ እኛ ተራመደ።
ውዴነሽ ከፈረሱ ጀምራ አየችው።
«ስምህን ንገረኝ።»
«ረሳሽኝ እንዴ?»
«ፈረስህን አልረሳሁም።»
ስሙን ነገረን። አጠፋሁና ጻፍኩ።
ደጅ ላይ ዳማው፣ ኮርቻው እንዳለ፣
ቆሞ ተኝቷል።