ስንጥብ

አሞራ ገደል ነኝ፤ ከሐይቁ ዳርቻ
ሃያ ዓመት የኖርኩ በአንድ ቢላ ብቻ።
ቆሮሶው ከጀልባ ሲራገፍ፣
ስንጥቡን ነቅዬ ሆድ ዕቃ ስዘረግፍ፣
እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም ነበር፣
የዱካሌ አንገት ማበጥ ሳይጀምር።

ከጆሮዋ በታች፣ ከመንጋጋ ማዕዘን፣
ባቄላ አክሎ መጣ፤ በሳምንቱ ሎሚ መጠን።
«ጆሮ ደግፍ» ብለው ጥላሸት ቀቡላት።
ጤና ጣቢያ በጡት፤ መግሉ ወጣ፤ ሻረላት።
ክረምት ሲገባ ግን ያው ቦታ ቋጠረ፤
ተበጣ፤ ሻረ፤ ደግሞ ቋጠረ።
«በሩን አስለመዳችሁት» አለች እናቷ፣
ሦስተኛው ጠባሳ ሲያርፍ ባንገቷ።

ጆሮዋም ለብቻው ይመግል ነበረ፤
ትራሷ በየሌሊቱ በቢጫ ነጥብ አደረ።
ለጆሮዋ ጠብታ፣ ለአንገቷ ኪኒን፤
በሁለት ካርድ ሁለት በሽታ አስታመምን።

ዶክተር ትርሲት ግን ካርዶቹን አልገለጠች።
በመሣሪያዋ ብርሃን ጆሮዋን እያየች፣
«እብጠቱን ጫን አድርግ፤ ቀስ ብለህ» አለች።
ዓሣ ዓሣ በሚሸት ጣቴ ጫን ሳደርገው፣
«መጣ!» አለች፤ ከአንገት የገፋሁት መግል
ጆሮዋ ውስጥ ብቅ ሲል አየችው።
አንድ ቤት ኖሯል፤ በሩ ግን ሁለት ነው።

«ሰው ሁሉ በማህፀን ገና ፍሬ ሳለ
አንገቱ ላይ እንደ ዓሣ እጥፋት አለ፤
ስንጥብ አይደለም፣ ስንጥብ ይመስላል፤
ቀኑ ሲደርስ ገጥሞ ይከደናል።
የልጅህ አንዱ እጥፋት ሳይገጥም ቀረ፤
ከረጢት ሆኖ አብሯት ተወልዶ፣ አብሯት ኖረ።
እኔም በሥራ ዘመኔ ሳይ ሁለተኛዬ ነው።
ቅንጣት ከቀረ ይመለሳል።»

ይህስ ገባኝ። ሐሞት ያፈረጠ ቢላ
ዓሣውን ሁሉ ያመርራል።

«ጎኑ ግን ነርቭ አለ፣ ከክር የቀጠነ፤
ፊቷን የሚያዝዘው። ከላዩ ይለፍ ከሥሩ
ሳልከፍት አላውቅም።»

እኔ ስንጥብ ስነቅል
ምን እንደቆረጥኩ ጠይቄ አላውቅም።
ፈረምኩ።

አራት ሰዓት ሙሉ። አባ ኮዳዎቹ
ያን ቀን ፍርፋሪዬን ሲጠብቁ ዋሉ፣
እኔ የተዘጋ በር ስጠብቅ።

«ሙሉውን አወጣሁት» አለች ዶክተሯ፤
«የነርቩን ነገር ፊቷ ይነግረናል።»

ነቃች።
«ጥርስሽን አሳዪኝ፣ የኔ ቆንጆ።» ዝም።
«እሺ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።» ዝም።
የግራ ጉንጯን አየሁ። የቀኙን አየሁ።
ድንጋይ። ቢላዬን ሁሉ ረገምኩ።
ዱካሌ በጆሮዋ ዙሪያ ዳበሰች፣
«ፀጉሬን ማነው የላጨው?» ብላ ተኮሳተረች፤
ሁለቱም ቅንድብ፣ ሁለቱም የከንፈር ጫፍ፣ እኩል፣ እኩል!
እንዲህ ያማረ ቁጣ የት አገር ይገኛል?

በሳምንቱ ገበያዬ ተመለስኩ።
የመጀመሪያውን ቆሮሶ አነሣሁ፤
የስንጥቡን ክዳን ገለጥ አድርጌ
ቀያዮቹን እጥፋቶች ቆሜ ቆጠርኩ።

«ኧረ ቶሎ በል!» አለ ደንበኛዬ፤
«ዓሣ አይተህ አታውቅም እንዴ?»