ተረኛ

ታሊን፣ ኮፕሊ ሠፈር፣ ትራሙ ከሚቆምበት፣ ከባሕሩ አፋፍ፣
ዕረፍቴ ነው ዛሬ፤ ዳቦዬን ታቅፌ ቆሜያለሁ በሰልፍ።
ከፊቴ ያለውን ሰው ማጅራቱን አይቼ ወዲያው ዐወቅሁት፤
ጃኬቱ አዲስ ነው። አሮጌውን እኔ ነኝ በመቀስ የቀደድኩት።

ኅዳር ነበር፤ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣
ኡርማስ ኦክስጅኑን፣ እኔ ሻንጣውን፣ አምስት ፎቅ ተወጥቶ፣
መታጠቢያ ቤት አገኘነው፣ ከንፈሩ ቀለም የጠጣ መስሎ፣
የዓይኑ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሎ፣
ነፍስ ውጪ፣ ነፍስ ግቢ።
በአፍንጫው ናሎክሶን ነፋሁ፤ አንዴ፤ ቆይቼ ሁለቴ፤
የሌሊቱ ሦስተኛ ነበር፣ ወለሉ ላይ ዝሏል ጉልበቴ።
ከዚያ መቁጠር ነው። ደረቱን እያዩ መቁጠር፣
የራስን ትንፋሽ ይዞ፣ የሰው እስኪጀምር።

ነቃ። አመሰገነኝ ብዬ አልዋሽም፦ «ማን ቀስቅሺኝ አለሽ?
ለመሆኑ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»
ቅጹ ላይ «ታካሚው ይናገራል» ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ፤
መልሱን ግን፣ ምን ቤት እንደ ሆንኩ፣ ስንት ሌሊት ፈለግኩ።

ሁሉም አይነቃም። ከፋብሪካው አጥር ሥር፣
ሽፋሽፍቱ በአመዳይ የተከደነ፣
አንድ ልጅ ነበረ፣ ሃያ ያልደፈነ፤
እሱን ስቆጥር የት ላይ እንዳቆምኩ እንጃ።

አመል ሆኖብኛል ባሌን ካይዶን «ተንፍስ!» ብሎ መቀስቀስ፣
በልጄ በር ሥር በባዶ እግር መመላለስ።
የሥነ ልቦና ባለሙያዋ «መቁጠር አቁሚ» አለችኝ፤
ቆጥሬያለሁ፤ ሰባት ጊዜ ነገረችኝ።
ኡርማስስ ተወው። ወደብ ላይ ዛሬ ትኬት ይቆርጣል፤
መርከብ ባጓራ ቁጥር ግን እጁ ጓንት ይፈልጋል።

ሰውዬው ዞረ። «ምን ያስፈጥጥሻል?» አላወቀኝም፤
ጎድኑን በመዳፌ የማውቀው እኔን! አልፈረድኩበትም፤
ከወዲያ ሲመለስ ሰው በር የከፈተለትን አያይም።

ሁለት ቆርቆሮ የድመት ምግብ አኖረ ጠረጴዛው ላይ።
ሁለት። አንዱ ለዛሬ ነው፤ ሌላው ለነገ ይሆን ወይ?
ሳንቲሙን አንድ በአንድ ሲለቅም እኔ ትንፋሹን ለቀምኩ፤
በደቂቃ አሥራ አራት፤ ደህና ነው፤ ደግሜ ቆጠርኩ፣
በሩ እስኪዘጋ፣ በረዶው እስኪሸሽገው ድረስ።

«ተረኛ!» ትላለች ገንዘብ ተቀባይዋ። «ተረኛ!» አልሰማሁም።
ደንግጬ መለስኩላት፦
«ዛሬ እንኳ ተረኛ አይደለሁም።»