አምስት መቶ ሃምሳ

ኦውሉ ላይ ጥር ነው፤ ባሕሩ ድንጋይ ሆኗል፤
ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ ተሟጧል፤
አባቴ ታይስቶ መስኮቱን ከፍቷል።
እናቴ ካፖርት ለብሳ፣ ኮፍያዋን ደፍታ
ድስት ታማስላለች፣ ካፏ ጉም ተፍታ።
ሃያ ስድስት ነው፣ ከዜሮ በታች፤
“ቤት ነው ወይስ መንገድ?” አላለችም፣ ዝም አለች።

ጠረጴዛው ላይ፣ ከዳቦው አጠገብ
አንድ ማዘርቦርድ አለ፣ ደረቱ ላይ ሁለት ልብ።
አንዱ ከሱቅ መጣ፣ ከነደረሰኙ፤
ሌላው በክብሪት ቀፎ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣
ኬሚ ካለ ጎረምሳ። “መንታ ናቸው” አለ ልጁ፣ ምሎ።

ሁለቱም ግንባር ላይ ፋብሪካው የጻፈው
ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት ሜጋኸርዝ ነው።
አባቴ ሣቀበት፦
“ሠላሳ ሁለት ዓመት ወረቀት ሠርቼ
የተጻፈን ሁሉ ልመን እንዴ ፈርቼ?”

እኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ
ሙቀቱን እነግረዋለሁ፣ ከቴርሞሜትር አንብቤ፦
“አርባ ሁለት፣ አባዬ። አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ።”
(ለትምህርት ቤት፣ ጉንፋን ይዟታል ተብሎ ተጽፏል።)

አራት መቶ ዐሥራ ሁለት። ተነሣ። አባቴ አፏጨ።
አራት መቶ ሃምሳ ስምንት። ተነሣ። ትንሽ ቮልት ረጨ።
አምስት መቶ ሃምሳ።
ማራገቢያው ጮኸ፤ ስክሪኑ በራና
ሜሞሪ ቆጠረ፣ እንደ ጤነኛ፣ እንደ ደህና፤
ከዚያ ሰማያዊ።
ዳር እስከ ዳር ሰማያዊ፣ ነጭ ፊደል ያዘለ፤
ከኅዳር ወዲህ ያጣነው ሰማይ ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ አለ።

ደብተሩ ላይ ጻፈ፦ “ከሌሊቱ ዘጠኝ ከሩብ። ሞተ።”
በማግሥቱ፦ “ዐሥር ሰዓት። ሞተ።”
ቮልት አከለ፤ ቅባቱን ጠርጎ ዳግም ቀባ፤
መስኮቱን ይበልጥ ከፈተው፣ በረዶ እስኪገባ፤
የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባል የለ?
እሱ ግን የለቀመውን እያፈሰ ቀጠለ።

በየተራ ፈተናቸው።
የሱቁ ሌሊቱን ሙሉ ነቅነቅ አላለም።
የኬሚው አንድ ሰዓት ሮጠ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ።
አንድ ምት ነው ሁለቱን የሚያስኬዳቸው፤
አንዱ ሲደናቀፍ አብሮ ነው ውድቀታቸው።

የኬሚውን ነቅሎ ወደ ክብሪት ቀፎው መለሰ፤
የቀረው ብቻውን አምስት መቶ ሃምሳን ጋልቦ ደረሰ፤
ግን የድሮ ፊልማችንን ሲያጭቅ
ቢጠሩት አይሰማም፤ ቀስቱ አይንቀሳቀስም፤
ሲያንኳኩ “አቤት” የሚል ሌላ የለም ቤቱ ውስጥ።

እናቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።
“ታይስቶ፣ ለዚያኛው ስትል ዝግ በል፤
ይኸኛው አይከፋውም” አለች።
ዳሌዋን ኦፕራሲዮን ካደረገች ወዲህ፣ በረዶው መንገድ ላይ
እሱ ከፊት ነው፣ እሷ ሃያ እርምጃ ከኋላ።
አልመለሰላትም። የክብሪት ቀፎውን ከፈተ።

አራት መቶ ሃምሳ ስምንት።
መስኮቱን ሊዘጋ ሄደ፤ በረዶ ነክሶት እምቢ አለ፤
በመዶሻ እጀታ ነረተው፤ እናቴ ሣቀች።

ፊልሙ በሦስተኛው ቀን ወጣ፤ ድምፅ የለውም።
እናቴ በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ በስኪ፣ በጥድ መሃል፤
ካሜራው ይንቀጠቀጣል፤ የያዘው ሰው ያለከልካል፤
እሷ ነጥብ አክላ ርቃለች፣
አትያዝም።
ከዚያ ቆማ ዞረች።
ዱላዋን በረዶው ላይ ተክላ፣ ዓይኗን በእጇ ጋርዳ፣
እስኪደርስባት ጠበቀች።

አባቴ ሦስት ጊዜ መልሶ አየው።
ደብተሩ ላይ፦ “ዐሥራ ዘጠነኛ ቀን። ይሄዳል።”
በስንት እንደሚሄድ አልጻፈም።