መታጠፊያው

ሠላሳ ስምንት ዓመት ጠጠር ስገፋ ኖርኩ፣
በቢጫው ግሬደር ላይ ጎበጥኩኝ፣ ሸበትኩ፤
የሰሜን አዮዋን አቧራ ቅሜያለሁ፣
የመንገዱን ጉድጓድ በየስሙ አውቃለሁ።

ሐሙስ ዕለት ማልዶ ደብዳቤ ደረሰኝ፣
አጭር ናት፣ ደረቅ ናት፣ እንዲህ የምትለኝ፦
«መቶ አርባኛው መንገድ ነዋሪ የለውም፤
ጠጠር ብናለብሰው ማንም አይረግጠውም፤
የግሬደሩን ጥርስ አስገብተህ ገልብጠው፣
ግራና ቀኝ ላለው ለበቆሎው ስጠው።»

አልተከራከርኩም። ሞተሩን አስነሣሁ።

ከሁሉ በፊት ሳር ነበር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣
ነፋስ ሲመጣበት እንደ ውኃ የሚናወጥ፤
ዳኮታዎች ነበሩበት፣ ጎሹን በዱካው የሚያውቁ፣
ውል ተባለ፣ ተፈረመ፤ ተገፍተው ወደ ምዕራብ ራቁ።
ቀላድ ጣዮች ተከተሉ፣ ሰንሰለት እየጎተቱ፣
ረግረግ ቢሉት፣ ኮረብታ ቢሉት፣ ቀጥ ብለው እየመቱ።
ግን ምድር ድቡልቡል ናት፤ ቀላዱ ደግሞ ቀጥ ያለ፤
ማን ማንን ያቅፋል? በየት በኩል? ማንም አላስተዋለ።
በየሃያ አራት ማይሉ መስመር ከመስመር ሳተ፤
መንገዱም እንደ ጠጪ ሰው ወደ ምሥራቅ ተጎተተ፣
ከዚያ፣ ምንም እንዳልሆነ፣ ሰሜኑን ያዘ።

እኛ «መታጠፊያው» እንለዋለን።
የቀላድ ስሕተት ነው፤ የምድር እውነት።

ቦሁሚል ኩቢቼክ እዚያ ቤት ሠራ፣ ከሞራቪያ የመጣ፣
የሳሩን ሥር ሊሰብር ሦስት በጋ ላቡን ያወጣ።
ሚስቱ ሉድሚላ ሐምራዊ አበባ በደጇ ተከለች፤
«ለነፋስ መከታ» አለች፤ ለዓይኗ መሆኑን ደበቀች።

ስንቱ ሾፌር፣ በሌሊት፣ መንገዱ ቀጥ ይላል ብሎ
ገባ በኩቢቼክ በቆሎ!
ልጃቸው አልቢና ፋኖስ ይዛ ትወጣለች፣
ትራክተር ታስነሣለች፣
ገመድ አስራ ትጎትታለች፤
ገንዘብ አትቀበልም። «ቀስ በል» ብቻ ትላለች።

እኔንም ጎትታኛለች፣ በሃያ ዓመቴ፣
ሰክሬ፣ በአባቴ መኪና፣ ጭቃ እስከ አንገቴ።
«ቀስ በል» አለችኝ። ቀስ አልኩ።
አበዛሁት መሰለኝ፤
የዘር ነጋዴው ላቨርን ቀስ ማለት አያውቅም፣ አገባት።

ከዚያ መታጠፍ ጀመረ።
የባቡር ጣቢያው ታጠፈ፤ ሐዲዱን ለብረት ሸጡት።
ባለ አንድ ክፍሉ ትምህርት ቤት ታጠፈ፤
ደወሉን ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።
ወለዱ ሃያ ሲደርስ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ባንኩ ታጠፈ።
ሃልደን የምትባል ከተማ እንደ ካርታ ታጠፈች፣
የሆነ ሰው ኪስ ውስጥ ገባች።

ሐራጅ የወጣ ዕለት አልቢና በረንዳ ላይ ቆመች፣
የአባቷ ማረሻ በአራት ዶላር ሲሸጥ አየች፤
ገዢው ጎረቤቷ ነው፤ ቀና ብሎ አላያትም።
እኔ ፋኖሷን ገዛሁ። እስከ ዛሬ አልለኮስኳትም።

ይኸው ግንቦት ነው። ግሬደሩ እያቃሰተ
የገዛ እጄን ሥራ በጥርሱ ከፈተ፤
ከጠጠሩ ሥር ጠጠር፣ ከዚያ ሥር ጥቁር አፈር፣
አንድ የፈረስ ጫማ፣ ዝጎ፣ እንደ ተሰበረ ከንፈር።

መታጠፊያው ላይ ደረስኩ።
ቤት የለም። ጎተራ የለም። የጉድጓዱ አፍ ተደፍኗል።
የሉድሚላ አበባ ግን
ሐምራዊውን ለብሶ ደጅ ቆሟል፣
ደጅ ሳይኖር።

ጥርሱን አነሣሁ። ዞርኩት።
ሰባት እርምጃ ያህል መንገድ ከሥሩ ተውኩለት።
ለካውንቲው አልነገርኩም።

በሚመጣው ፀደይ በሳተላይት የሚመራ ትራክተር
ባለ ሃያ አራት መስመር፣ ቀጥ ብሎ ሲገሠግሥ፣
ነጂው እጁን አጣጥፎ፣ ሙዚቃ እያዳመጠ፣
እዚህ ሲደርስ
መሪውን ይይዛል፤
ቀስ ይላል።