አሥራ አንደኛው ክፍል

ሸዋ በር፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከጫማ ጠጋኙ ጎን፣
አንዲት ጠባብ ቤት አለችኝ፤ ፍላሽ ላይ ፊልም የምጭን።
በሯ ላይ በቀይ ቀለም «አዲስ ኮሪያ ገብቷል» ይላል፤
ያነበበ ሁሉ ፍላሹን በመዳፉ ጨብጦ ይመጣል።

ኮሪያን ሳላየው አውቀዋለሁ፦
ዝናብ ይጥላል፣ አንድ ጃንጥላ ለሁለት ይዘረጋል፣
የሀብታም ልጅ ከደሃ ልጅ ፍቅር ይወድቃል፣
እናቱ ገንዘብ በፖስታ ትገፋላታለች፣
እምቢ ስትላት የብርጭቆ ውሃ ፊቷ ላይ ትደፋለች፤
በአሥራ ሁለተኛው ክፍል መኪና ይገጨዋል፣
ስሟን ይረሳል።
ፒያኖው ግን አይረሳም።

እህቴ ዙበይዳ ይህን ብላ ይህን ጠጥታ ነው የምታድረው።
ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ስምንት ሰዓት ቆማ ነው የምትውለው፤
ማሽኑ ሲጮህ አፍ ለጆሮ ቢገጥሙም አይሰማም፣
እና ማታ ስትገባ ሹክሹክታ አያጠግባትም።
ልቡን በአደባባይ የሚጮህ ሰው ትፈልጋለች፣
ጋቢ ተከናንባ እስኪበቃት ታለቅሳለች፣
ፊቷን ታጥባ ትተኛለች።
አልፈርድባትም።

እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጩኸት ነው የምሸጠው፤
የባጃጁ ክላክስ፣ የረዳቱ «ሐይቅ! ወልድያ!»፣ የስፒከሩ ዘፈን፣ ሁሉም በሬ ላይ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ጉሙ ጦሳን ውጦ መንገዱን ሲበላ፣
መብራት የመጣ ዕለት፣ ከሀርድ ዲስኬ ጥግ፣ ከፋይሎች ኋላ፣
«ኮሪያ አሥራ አራት» የሚል ከፈትኩ። ኮሪያ አልነበረም።
ጃፓኖች ናቸው። እጅ ይነሳሳሉ፤ ማንም ማንም ላይ አይጮህም።

አንድ ሰውዬ ብስክሌት ይጠግናል።
አንዲት ሴት ጎማዋ ተንፍሶ ትመጣለች። ይሞላላታል።
ትሄዳለች። እጁን ይታጠባል።
ውሃው ሲፈስ አየሁ፣ ሳሙናው ሲንሸራተት፣ ፎጣው ሲሰቀል፤
ፊልሙ የቆመ መስሎኝ ኮምፒዩተሩን በጥፊ አልኩት።

በሳምንቷ ተመለሰች። ደወሉ አልጮህ ብሎኛል አለች።
ደወሉ ደህና ነው። እሱም አወቀ፣ እሷም አወቀች፣
እኔም ሸዋ በር ቁጭ ብዬ አወቅሁ፤
ማንም ምንም አላለም። ቆሎዬን በእፍኜ እንደያዝኩ ቀረሁ።

አሥራ አንደኛው ክፍል መጨረሻው ነው፤ ለኮሪያ ገና መግቢያው።
ሥራዋ ሌላ ከተማ ሆነ። ሸኛት እስከ ባቡር ጣቢያው።
አሁን ይላታል አልኩ። አሁን ነው። አሁን። አሁን።
«ማታ ይበርዳል፣ አንገትሽን ሸፍኚ» አላት። ባቡሩ ዘጋ በሩን።

አለቀ።

ለአሥር ሰው ጫንኩት፤ ዘጠኙ ተመልሰው ጮኹብኝ።
አስረበብ ከሆጤ ድረስ መጥታ ፍላሿን ወረወረችብኝ፦
«አልተጋቡም! እጇን እንኳ አልያዛትም! አሥራ አምስት ብሬን መልሺ!»
መለስኩ። ምን ይባላል?

ወሎ ሲባል ሰው የሚያውቀው ዘፈኑን ነው፣ የአፉን ማር፤
ስለ ዝምተኞቻችን ማንም ግጥም አልገጠመም እስካሁን ድረስ።
አባቴ ሃያ ዓመት በደላንታ መንገድ አይሱዙ ነዳ፤
እናቴን አንድ ቀን «ወደድኩሽ» ሲላት አልሰማሁም።
ብቻ ሌሊት ሲወጣ፣ ጫማዋን ከጤዛው አንስቶ ያስገባል፣
አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ፣ እግሯ እንዲገባበት ያስቀምጣል።
እናቴም ማን አዞረው ብላ ጠይቃ አታውቅም።
የግርጌ ጽሑፍ አልነበረውም እንጂ
አይቼው ነበር ይህን ድራማ።

አሥረኛው?
አሥረኛው ሸምሱ ነው፣ ከቴሌ ጎን ፎቶ ኮፒ የሚያነሳው።
አልጮኸም። ፍላሹን ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አኖረው።
«እንደዚያ ያለ ሌላ አለሽ?» አለኝ፣ ኪቦርዱን እያየ።
ሁለት አለኝ አልኩት።
«አንዱን ብቻ ጫኚልኝ።»

ሁለቱም በአንድ ፍላሽ እንደሚገቡ
እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። ጉሙ ወርዷል።
ሁለተኛውን ለማንም ሳልጭን አስቀምጫለሁ።