ስሙ በቆሎ

ሰፈሩ ሳር ይባላል፣ ከመናማ ወዲያ፤
ሳሩ ፕላስቲክ ነው፣ በሜትር የተገዛ ከገበያ።
ውሃ አይጠጣም፤ ሐሙስ ሐሙስ አቧራውን እጠርጋለሁ።
እኔም ደብሪቱ ነኝ፤ «ዴቢ» ሲሉኝ አቤት እላለሁ።

ጥቅምት ሃያ አንድ ነው፣ የእመቤቴ በዓሏ፤
ጎህ ሳይቀድ ተሳለምኩ፣ ስልኬ ላይ ነው ሥዕሏ።
ሌላዋ እመቤቴ ግን፣ ደመወዜን ሰፋሪ፣ ለዛሬ ማታ
ዱባ አስፈልፍላኛለች፤ ሻማ ገብቷል በፍሬው ፋንታ።
የሙታን ቀን ነው አሉ።
የኛ ሙታን ንፍሮ ነው ደንባቸው፤ የነሱ ከረሜላ ይወዳሉ፣
በር እያንኳኩ ይለምናሉ።

አርባ እንግዳ ይመጣል። አርባ ብርጭቆ ደረደርኩ፣
ከአውራ ጣቴ የማይበልጡ፤ በጥፍሬ መትቼ አዳመጥኩ።
ሙቀቱ ገና ከግድግዳው አልወጣም፣
ቸኮላታው አልቦታል፤ ማዳም ግን «ይበርዳል» ትላለች፣ አትሰማም።

መጀመሪያ ቢጫው፦ የሙዝ ሊኬር ከታች ይተኛል፤
ስኳር የከበደው መጠጥ ማንም ሳይገፋው ይረጋል።
ቀጥሎ ብርቱካን፣ ቮድካ ያለበት፤ በማንኪያ ጀርባ፣ ቀስ፣
አምሽቶ እንደሚገባ ሰው እግር፣ ማንም ሳይቀሰቀስ።
ከላይ ክሬም፣ እንደ ቄስ ጥምጣም።
እጅ ከተንቀጠቀጠ ሦስቱም ጭቃ ነው፤ ወደ ኋላ የለም።
ይሄ ስሙ በቆሎ ነው።
እሸት አይሉት፣ ቆሎ አይሉት፤
ከረሜላ በቆሎን መሰለ፣ መጠጥ ከረሜላውን መሰለበት።

ሁለተኛው አረንጓዴ፦ ጂንና የፖም ሽሮፕ፤ በጠርዙ
የጄሊ ትል ይንጠለጠላል፣ ሁለት ቀለም ነው ወዙ።
ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ከንፈሩን ማር ቀብቼ
በሚፈነዳ ስኳር አንከባልዬ፣ ጆሮዬን አስጠግቼ
ሰማሁት፤ ምጣድ ላይ እንዳለ ገብስ ይንጣጣል።
(እነሆ ቆሎ! ስሙ ግን ሌላ ቦታ ተሰጥቷል።)

አልቀምስም። ጽጌን እጾማለሁ።
አክስቴ አረቄ ስታወጣ ፊተኛውን ከኋለኛው
በአፍንጫዋ ነበር የምትለየው፤
እኔም እንደሷ እለካለሁ።

ሠላሳ ዘጠነኛው ላይ ስደርስ በሩ ተበረገደ፣
አንሶላ ገባ፣ ዓይኑ በመቀስ የተቀደደ፤
ትናንት የተኮስኩት አንሶላ። ሆዴ ነደደ።
«ቡ!» አለኝ አንሶላው።
«ውይ ማርያም!» ብዬ ደነገጥኩለት፤ ሥራዬ ነው።

ፍሬያ ናት፣ የስድስት ዓመቷ። «ከረሜላ ነው?» አለች፤
ከአንሶላው ሥር አንዲት ጣት ወጥታ ወደ ክሬሙ ሄደች።
ያዝኳት። «የትልልቅ ሰዎች ነው፣ ፍሬ። ያማል።»
«ታዲያ ለምን የልጅ ይመስላል?»

ማንኪያዬን ይዤ ቆምኩ።
ይህን በወረቀቱ ላይ አልጻፈችልኝም፤ ገልብጬም አየሁ።

አርባ አንደኛ ብርጭቆ አወጣሁ።
ማንጎ ከታች፣ ብርቱካን በማንኪያ ጀርባ፣ ቀስ፣
እሷም ትንፋሿን ያዘች፣ እንዳይፈስ፤
ከላይ የተመታ ወተት።
አንሶላውን ገልጣ ጠጣች፤ ነጭ ጢም አወጣችበት።

አየችኝ ከዚያ። ሰማያዊ ቀሚሴን፣ ነጭ ኮሌታዬን፣
በወገቤ የታሰረውን፣ የተሸፈነ ጠጉሬን።
«አንቺስ፣ ምን ሆነሽ ነው የለበስሽው?»
አሰብኩ። «ዴቢን ነው።»

ዞረችኝ አንድ ጊዜ፤ ከኋላ፣ ከፊት፣
እንደ ዳኛ፣ እጇን አጣምራ በአንሶላው ውስጥ።
«ጎበዝ» አለችኝ። «ቁርጥ እሷን ትመስያለሽ።»

ደወሉ ጮኸ። ከውጭ የሰይጣን ቀንድ፣ የጠንቋይ ባርኔጣ፣
አንድ ሰው አፅም ለብሶ፣ ስልኩን የሚከፍትበት ጣት አጣ።
አርባ በቆሎ፣ አርባ ትል፣ አርባ ጥቁር በየተራ
ይዤ ወጣሁ፤ አንዱም አልተበጠበጠ።
ወጥ ቤቱ ውስጥ ፍሬያ ብርጭቆዋን ትልሳለች፣
ፕላስቲኩ ሳር ላይ የዱባው ጥርስ ያበራ።