ቤት የማይመታ ግምት

ሰኔ ነው፤ ከጠዋቱ ሁለት፤ ቶሊዶ፣ ወንዙ ዳር፣
መሰላሌን ተከልኩ ከጠበቆቹ በር።
ሥራዬ ፊደል ነው፤ በብሩሽ፣ በወርቅ ቅጠል
መስታወት ላይ ማስፈር የሰው ስም፣ የሰው ውል።

«ኦስትራንደርና ልጅ» ብዬ የጻፍኩ ዕለት
ልጅ የተባለችው ገና የወተት ጥርስ ነበራት።
ዛሬ ጠበቃ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ
ወጣች ወደ እኔ፣ ብጣሽ ወረቀት አንጠልጥላ።
«ከሽያጭ፣ ከውርስ፣ ከድንበር ክርክር ሥር
አንድ መስመር ጨምር፤
የቤት ግብር በል። ላይኛውን ፎቅ ተከራይተናል፣
ሦስት ጸሐፊ ቀጥረናል፤
አገሩ በሙሉ ግምቱ ንሮበት ይጮኻል።»

እውነቷን ነው። የእኔም ቤት፣ ጣሪያው ያረጀ፣
መዝገብ ላይ ጎርምሶ ለሠርግ ተዘጋጀ።

የመጀመሪያው ፊደል ወርቁ ሳይደርቅ ገና
አንዲት ባልቴት መጣች፤ አለፈች በመሰላሌ ሥር፣ በትህትና።
ኢርማ ቦድናር ናት፣ ከሀንጋሮቹ ሰፈር፤
በሁለት እጇ የያዘችው ፖስታ የሞላ ድስት ይመስል ነበር።

በሩ ክፍት ነው፤ ጆሮ ደግሞ ክዳን የለው፤
ሰማሁ። መዝገቡ የሚለው
ሁለት መታጠቢያ ቤት፤ የእሷ ግን አንድ ናት።
አውሎ ነፋስ የጣለው ጋራዥ፣ ሃያ ዓመት አልፎት፣
ዛሬም ይቆጠራል፤ ኢርማም በየዓመቱ
ተዝካር ታወጣለች ለዚያ ለጋራዥ ሙቱ፤
ግብር ሳትበላ፣ ግብር እየበላት።
ሃያ ዓመት ሙሉ ያ መዝገብ ቤቷን ሲመታ
አንድም ቀን ቤት አልመታ።

መስከረም ላይ፣ የግምት ቦርዱ አዳራሽ፣
እኔም የራሴን ፋይል ይዣለሁ፤ ኋላ ወንበር፣ ተራ ጠባቂ፣ ባለ ክስ።
ቴሳ ኦስትራንደር ተነሣች፤ ማጣጣል ያዘች ቤቱን፣
እንደ በግ ገዢ፣ ጨብጣ ላቱን፦
«ወለሉ አዘንብሏል። ምድር ቤቱ ሻግቷል።
ደረጃው ላልቷል። ቀለሙ ረግፏል።
መስኮቶቹ ጠማማ፣ ብርድ የሚያሾልኩ፣
ዋጋ የሌላቸው...»
«እሱንማ አትንኩ!»

ኢርማ ናት። ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ፤
በገንዘቧ የቀጠረችውን ጠበቃ ልትረታ ቆማለች፤ አዳራሹ ሳቀ።
«ካልማን ነው የቆረጠው። ባሌ። መስታወት ፋብሪካ
እሳት ሲገርፈው ሰንብቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየለካ
አሥራ አንዱንም ገጠመ። ጠማማ አይደለም፤
በእሱ ሲያዩት ዛፉ ትንሽ ይዋኛል፣ ሌላ ምንም የለም።»

ቴሳ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ፣ በሹክሹክታ፦
«እመቤቴ፣ ቤትዎ ካማረ ግብርዎም ያምራል፤ ይረዱኝ፣ ላንድ አፍታ።»

«የመስኮቱን እከፍላለሁ። ያለኝን አልክድም።
የወደቀውን ጋራዥ፣ ያልታጠብኩበትን ገንዳ ግን
አልከፍልም።»

ሰብሳቢው፣ እርሳሱን ሲያኝክ የቆየ መላጣ ሰው፣
ሳቁ መጣበትና ዋጠው።
ጋራዡ ተሰረዘ። ገንዳውም ተፋቀ።
ወለሉና ሻጋታው እንዳሉ ተመዘገቡ።
ከመስኮት በታች ግን አንድ ቃል ተጻፈ፦ «ጥሩ»።
የእኔ ፋይል ለኅዳር ተቀጠረ።

በበረዶው ወራት በሩ ላይ ወርቁ ተላጠ፣
ላድስ ተመለስኩ። ኢርማ ሒሳቧን ከፍላ ስትወጣ አገኘሁ፤
ካተረፈችው ሲሶው ለጠበቃ፤ ደረሰኙን አራት ቦታ አጥፋ
ጓንቷ ውስጥ ከተተች።
ከመሰላሌ ሥር ቆማ አዲሱን መስመር በጥፍሯ ነካ አድርጋ፦
«ይቺ ፊደል» አለችኝ፣ «ትንሽ ጠምማለች።»

ወርጄ አየኋት። እውነትም ጠምማለች።
አላቃናኋትም።